ከከበሮው በላይ ያለችው ቀዳዳ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ብትጠይቁኝ ሻይ ከአምስት ሳንቲም ወደ አሥር ሳንቲም የዘለለበት ዓመት ነው እላለሁ። አዳራሹ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ግን «የለም፣ ሻይ የተወደደው በማግስቱ ዓመት ነው፤ ሻይን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል!» ትለኛለች። በወሩም አንስማማም። እኔ መስቀል አልፎ የደመራው አመድ ገና ሜዳው ላይ እንደነበር ይታየኛል። እሷ ደግሞ ዝናብ እንደነበረና ቢጫ ቀሚሷን ጭቃ እንደነካው ትምላለች። ቦንጋ ላይ ዝናብ ምን ምልክት ይሆናል? ያልዘነበበትን ቀን ብትነግረኝ ይሻል ነበር።

ይህን ሁሉ ያስነሳብኝ ሰሞኑን የጣለው ዝናብ ነው። አዲስ በተሠራው የወጣቶች የባህል አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የልጆቹን ልምምድ አያለሁ። ውጪ ዶፍ ይወርዳል፤ ውስጡ ግን ኮሽ አይልም። መሐንዲሷ ጣሪያው በሁለት ቆርቆሮ መካከል ድምፅ የሚውጥ ነገር እንዳለው ነግራኛለች። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል፣ አሁን ዘፈናቸው ይሰማል። እኔ ግን ጆሮዬን ቀስሬ ስጠብቅ ቆየሁ። የምጠብቀውን አውቀዋለሁ፣ እንደማይመጣም አውቃለሁ። ጆሮ ግን እንደ ሽማግሌ ነው፤ በአንድ ቀን ልማዱን አይተውም።

ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። አባቴ ከሰሜን ከአንድ ሹም ጋር በዘበኝነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው፤ እናቴ የካፋ ሴት ናት። አባቴ በአማርኛ ይቆጣናል፣ እናቴ በካፊኖኖ ታባብለናለች። ስለዚህ እስከ ዛሬ ስናደድ አማርኛዬ ይቀናል። አዳራሹ ሲሠራ በአናጺነት ገባሁ፣ ከዚያ ጠባቂ፣ ከዚያ ኃላፊ አደረጉኝ። በኋላ ደግሞ «የአዳራሾች ግንባታና የወጣቶች ፕሮግራም ተቆጣጣሪ» የሚል ረጅም ስም መጣ። ስሙ ይርዘም እንጂ ሥራው ሁለት ነገር ነው፤ ጣሪያ እንዳያፈስና ልጅ እንዳይጠፋ። የአዳራሹ ስም ከዘመን ጋር ይለዋወጣል። ሠሌዳውን በየጊዜው የቀባሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ቢፋቅ ከሥሩ ስንት ስም ይወጣ ይሆን እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

ያኔ መግቢያው ስሙኒ ነበር። ስሙኒ የሌለው ልጅ በመስኮት ይንጠለጠላል፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ከገበያው ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ከስልክ ቤቱ ማዕዘን ጀምሮ ጎረምሳው ሁሉ ሚዶውን አፍሮው ላይ ሰክቶ፣ እግሩ ሰፊ ቦላሌ ለብሶ፣ ጭቃ እንዳይነካው የሱሪውን ጫፍ በሁለት እጁ እንደ ቀሚስ ሰብስቦ ይመጣል። በር ላይ ሲደርስ ይለቀዋል። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ ባጃጆች ተኮልኩለው «ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ» ይጮኻሉ። ስልክ ቤቱም የለም፤ ስልኩ በየኪሱ ገብቷል። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ እግሬ አሁንም ቀስ ይላል፣ ከወጣቶቹ አንዱን የምገጨው ይመስለኛል።

ከነዚያ ወጣቶች አንዱ ታናሽ ወንድሜ አድማሱ ነበር። የአዳራሹ የኪነት ጓድ ከበሮ መቺ። ከበሮውን ከዋንዛ ግንድ ፈልፍዬ የሠራሁለት እኔ ነኝ፣ ቆዳውን የወጠረው ራሱ። ያኔ ጣሪያው አንድ ንጣፍ ቆርቆሮ ስለነበር ዝናብ ሲጥል የዘፋኝ አፍ ሲከፈት እንጂ ድምፅ አይሰማም። ሌላ ቦታ ቢሆን ትርኢቱ ይቋረጣል። አድማሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ቆርቆሮውን ያዳምጥና ዝናቡን ተከትሎ መምታት ይጀምራል። ሲበረታ ይበረታል፣ ሲያባራ ያባራል። ሕዝቡ በጭብጨባ ይከተለዋል። ዶፉ ሲያልፍ ዘፋኟ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ይህ ዝናብ ሥራችንን እያበላሸ ነው» ቢሉ፣ አድማሱ «ጓድ፣ ዝናቡም እኮ አባል ነው፤ መዋጮ ስለማይከፍል ነው የሚጠሉት» አላቸው። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሳቁ።

ዘፋኟ ያቺ ቢጫ ቀሚስ ለባሿ ነበረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ሩቅ ይሄዳል። ሽማግሌ ልከን አባቷ ልጃቸውን ለአድማሱ ፈቅደዋል፤ ሠርጉ ግን «ከጉዞው ሲመለስ ይሁን» አሉ። ጉዞ ያልኩት የኪነት ጓዱን በመኪና ጭነው የወሰዱበትን ነው፤ ዓመቱ የሚያከራክረን እሱ ነው። ለትርኢት ነው አሉን። መጀመሪያ ለትርኢት ነበር መሰለኝ፤ ኋላ ሴቶቹን መልሰው ወንዶቹን ወደ ግንባር ወሰዷቸው። ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ወሬ አላበዛበትም።

ጓዱ አንድ ልማድ ነበረው። ከመድረኩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ሚስማር መትቼላቸዋለሁ። አንድ አባል ራቅ ብሎ ሲሄድ መሣሪያውን ሚስማሩ ላይ ይሰቅላል፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አያወርደውም። በሚሄዱበት ጠዋት አድማሱ ከበሮውን በጠፍሩ አንጠለጠለው።

«ይዘኸው አትሄድም እንዴ?» አልኩት።

«እዚያ ይሰጡናል ብለዋል። ጋሼ፣ የእኔው እዚሁ ይጠብቀኝ።» ወደ ጓደኞቹ ዞረና «እስክመለስ ይህን የመታ ጣቱ ይደንዝዝ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷ ምሰሶውን ተደግፋ ስለነበር ስቃ እንደሆነ አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ አንድ በአንድ ተመለሱ። የመጣው ሁሉ ወደ ግድግዳው ሄዶ የራሱን ያወርዳል። አኮርዲዮን ተጫዋቹ አንድ እጁ ታሞ መጣ፤ አኮርዲዮኑን አውርዶ አቅፎት ወጣ፣ እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ወዲያ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ካስቆምኩት ስለ ዝናብ ያወራኛል፣ ስለ ቡናው አያያዝ ያወራኛል። በእኛ አገር መርዶ የያዘ ሰው እንዲህ ነው። መርዶ እንደ ሌላ ወሬ በመንገድ አይነገርም። መጀመሪያ ለቤቱ ታላቅ በጆሮው ሹክ ይባላል፤ ታላቁ ይመክራል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ ሄደው ያረዳሉ። እስከዚያ ማንም አያለቅስም። ያልተነገረ ሞት ላይ ማልቀስ ሟርት ነው።

አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል፣ ስለዚህ የቤቱ ታላቅ እኔ ነበርኩ። ለእኔ የነገረኝ የለም። እናቴ በየዓመቱ ማር ሲቆረጥ አንድ ቅል ለአድማሱ ታስቀምጣለች። የሚቀጥለው ዓመት ማር ሲመጣ አሮጌውን ለጎረቤት ሰጥታ አዲሱን ትተካለች። እንዲህ ስትተካ ስትተካ፣ ሳታለቅስለት ሞተች።

ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረው እሷ በሞተች ክረምት ነው። አንዲት የዝገት ቀዳዳ፣ ልክ ከከበሮው በላይ። ቅጥራንና ጨርቅ ይዤ መሰላል ወጣሁ። ልደፍናት እጄን ስዘረጋ ዝናቡ ጀመረ። ጠብታው ቆዳውን ሳይሆን የዋንዛውን ገላ ነበር የሚመታው። ዱብ። ቆየት ብሎ ዱብ። ዝናቡ ሲበረታ ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ። ሲያባራ አባራ። መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ አንገቴን ቀና አድርጌ አዳመጥኩ። ከዚያ ቅጥራኑን ይዤ ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ያንን ጣሪያ ስንት ጊዜ እንዳስጠገንኩት! ማገር ቀየርኩ፣ ቆርቆሮ ቀየርኩ፣ ቦዩን አስተካከልኩ። ያቺን ቆርቆሮ ግን አላስነካሁም። ጣሪያ ሠራተኞቹም ለመዱት፤ «የጋሽ ገብሬን ተዋት» ይባባላሉ። በበጋ በሰንጋ ሞራ ቆዳውን እዚያው እንደተሰቀለ አሸዋለሁ። ደካ ከተማ አዳራሽ ሲሠራ ሄጄ ተቆጣጥሬያለሁ፤ ቢታ ገነትም ለወጣቶች የትርኢት ሜዳ አሠርቻለሁ። የሌላውን ሥራ ለማየት ውኃ አስደፍቼ አንዲት ጠብታ ብታልፍ «አፍርሱ!» የምል ሰው ነበርኩ። የራሴን አዳራሽ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር እያዳመጥኩ ኖርኩ።

ወሬም ወጣ። ከመድረኩ ጀርባ የሚመታ አለ ተባለ። ሰርከስ የሚሠሩ ልጆች መጡ፣ ድራማ የሚሠሩ ክበቦች መጡ፣ ከሌላ አገር የተመደቡ መምህራን መዝሙር አስተማሩ። ሁሉም ዝናብ ሲጥል ያንን ክፍል ይሸሻሉ። አንዷ ልጅ «ጋሽ ገብሬ፣ እውነት ሙት አለ እዚህ?» አለችኝ። «ሙት የለም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ለእኔ ያን ጊዜ ሙት አልነበረም። የሚዘገይ ሰው ነበር እንጂ።

ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የከተማው ባህል ቢሮ አልተወኝም። አሮጌው ፈርሶ አዲስ አዳራሽ ሊሠራ ሲወሰን ከአገር ሽማግሌ ወገን ሥራውን እንድቆጣጠር መረጡኝ። መሐንዲሷ ሰላም የምትባል፣ ከሩቅ የተመደበች ቀልጣፋ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ከመድረኩ ጀርባ ገብታ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ጣሪያው ሁሉ ተጠግኗል። ይቺ ቀዳዳ ብቻ ለምን ቀረች?»

«ትቆይ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«እስከ መቼ?»

ወደ ሌላው ጎን መራኋት። እሷም አላስጨነቀችኝም። ከሌላው ጎን ማፍረስ ጀመሩ፤ የፊቱ ግድግዳ ወረደ፣ የጎኑ ወረደ። ከመድረኩ ጀርባ ያለው ግድግዳና በላዩ ያለው ጥቂት ቆርቆሮ ብቻ ቀረ፣ አንድ ጥርስ እንደቀረው አፍ። ኮንትራክተሩ ይቆጣል፤ ክረምት ሳይገባ መሠረቱ ካልወጣ መሣሪያዬን ይዤ ወደ ሌላ ሥራ እሄዳለሁ ይላል። ልጆቹ ደግሞ በየሰው በረንዳ እየተባረሩ ነው የሚለማመዱት። ሰላም ትመጣለች፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ?» ትላለች። «ነገ ይሁን» እላለሁ። ነገም ነገን ይወልዳል። አንድ ቀን ልጆቹ እንደማልሰማ መስሏቸው «ጋሽ ገብሬ ከጂኒው ጋር የኪራይ ውል አላቸው፤ እስኪያልቅ እንጠብቅ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አልከፋኝም። ከኋላቸው አንዲት ከበሮ መቺ ልጅ ሳትስቅ ያንን ከበሮ ታየው ነበር፤ የከፋኝ እሱ ነው።

ባለሻይዋ ይህን ሁሉ ከበሩ ላይ ትሰማለች። እስካሁን ካላወቃችሁ፣ ባለሻይዋ ያቺው ቢጫ ቀሚስ ለባሽ ዘፋኝ ናት። ሌላ ባል አላገባችም። ኪነቱ ሲበተን አዳራሹ በር ላይ አግዳሚ አስቀምጣ ሻይና ቆጮ መሸጥ ጀመረች፣ በዚያው አረጀች። አብረን አረጀን። ስለ አድማሱ ግን ስለ ዓመተ ምሕረቱና ስለ ዝናቡ ከመከራከር በቀር አውርተን አናውቅም። ኮንትራክተሩ «ይህ ሳምንት የመጨረሻዬ ነው» ብሎ በሄደበት ከሰዓት በኋላ ሻዬን አስቀመጠችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ተቀምጣ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሻዩ እስኪበርድ።»

«አትቀልድ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ላውርደው? ከባለቤቱ በቀር የሚያወርደው የለም። ባለቤቱ ሞቷል እንዳልል ማን አረዳኝ? አንድ ሰው ቤቴ መጥቶ ሞተ ብሎኛል? እናቴ ያላለቀሰችውን እኔ ከየት አምጥቼ አለቅሳለሁ?»

ብርጭቆውን አነሳች፣ ሻዩን ገና አልጠጣሁትም ነበር። ደፋችውና አጥባ አስቀመጠችው። «እውነትህን ነው» አለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ገና ጋቢዬን ሳላወርድ ከፈትኩ። የእድሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ ጎረቤቶቼ ቆመዋል። ከፊታቸው ባለሻይዋ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። ይህን የሚያይ የአገሬ ሰው ቃል አያስፈልገውም። ያዙኝና አስቀመጡኝ። እንደ ደንቡ መናገር የነበረባቸው የእድሩ ዳኛ ናቸው። እሳቸው ግን ወደ እሷ አዩ።

«ገብሬ» አለችኝ። በዕድሜዋ ሙሉ ጋሼ እንጂ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ገብሬ፣ ወንድምህ አድማሱ ሞቷል። ድሮ ነው የሞተው። በአኮርዲዮን ተጫዋቹ እቅፍ ውስጥ ነው ያረፈው። ወንዝ ዳር ቀብረውታል። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ራሱ ታሞ ሊሞት ሲል ነግሮኛል።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እናታችን ይቆዩ፣ በእሳቸው ዕድሜ አይነገር ተባለ። እሳቸው ሲያርፉ ደግሞ የሚነግር ጠፋ። መርዶ ለቤቱ ታላቅ በጆሮው ይነገራል፤ ታላቁ አንተ። ታላቁን ራሱን ማን ያረዳል? ሁሉም አንዱ አንዱን ጠበቀ። እኔ ደግሞ ምኑ ነኝና ልንገርህ? ሚስቱ አይደለሁ፣ እህቱ አይደለሁ። እኔንስ ማን አረዳኝ? በሰው አልጋ ራስጌ ቆሜ ሰምቼ፣ እንባዬን ውጬ፣ በማግስቱ ሻይ አፍልቻለሁ።»

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው አሉኝ። የዚያን ሁሉ ክረምት፣ የእናቴን ጭምር ነው ያለቀስኩት።

ድንኳኑን ልጆቹ የፈረሰው አዳራሽ ፊት ተከሉት። እነዚያ በእኔ የቀለዱት አግዳሚ ተሸከሙ፣ ውኃ ቀዱ። ኮንትራክተሩም ማሽኑን አጥፍቶ መጥቶ ተቀመጠ። ሴቶቹ ሲሰባሰቡ እሷ እንደ ባለሻይ ወደ ጀርባ ልትሄድ ስትል ጠራኋት። የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝና እኔ ካላልኩ ማንም አይልም። ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀመጥኳት። አንዳንዱ ተያየ፣ ማንም ግን አልተናገረም። ያ ቀጭን ድምፅ ከየት እንደተደበቀ እንጃ፣ ሙሾ አወረደች።

ክረምት በመጣ ቁጥር ጠብታ ሲመታው፣
መጣ መጣ አልነው፣ ላይመጣ ጌታው።

እኔ ሚስጥር የመሰለኝን ቀዳዳ ታውቃት ኖሯል። ከበሩ ሆና እሷም ታዳምጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መሰላል ወጣሁና ከበሮውን አወረድኩት። ግድግዳው ላይ የከበሮ ቅርፅ ያለው ነጭ ቦታ ቀረ። ለዚያች ላልሳቀችው ከበሮ መቺ ልጅ ሰጠኋት። «ጣቴ ቢደነዝዝስ?» አለች፤ የአድማሱን እርግማን ማን እንደነገራት እንጃ። «ባለቤቱ ለቆታል» አልኳት። ግድግዳው ከሰዓት በኋላ ወረደ።

አሁን ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እሷ ስትመታው እሰማለሁ። ደህና ትመታለች፤ ዝናቡን ግን አታዳምጥም፣ ጣሪያው አያሰማትም። አንዳንዴ ልምምዱ ሲያልቅ፣ ሁሉም ሲወጣ፣ ያቺ ቀዳዳ ወደነበረችበት ቀና እላለሁ። ዱብ ይላል። ጣሪያው እንደማያፈስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያስደፋሁት ውኃ ምስክሬ ነው። ቢሆንም ይላል። ያን ጊዜ ተነስቼ ወደ በሩ እወጣለሁ፤ እሷ ሻይ ትቀዳልኛለች፣ ያ ዓመት የትኛው እንደነበር ደግመን እንከራከራለን።

እስካሁን ባለሻይዋ፣ ቢጫ ቀሚሷ እያልኩ ቆየሁ። ከተማውም እንዲሁ ነው የሚላት፤ ስሟን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ብዙ ሰው አልቀረም። የቤቱ ታላቅ በመሆኔ ማንም ያላረዳኝን መርዶ ያረዳችኝ እሷ ናት። አስካለ ትባላለች። አስካለ፣ የወንድሜ የአድማሱ ባለቤት።